የታሰረው ፈንጣጣ

ፈንጣጣ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ከታቢዎች በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር ያሳደዱት ይህ ደዌ ከዓለም መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. ቢታወጅም፣ ቫይረሱ ግን ዛሬም በአትላንታና በሳይቤሪያዋ ኮልትሶቮ፣ በሁለት ቤተ ሙከራዎች፣ ታስሮ ይጠበቃል። ጠባቂዎቹ ለመድኃኒት ምርምር ያስፈልገናል ይላሉ፤ ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና በ1970 ዓ.ም. ክረምት በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም፣ ከቤተ ሙከራ በወጣ ፈንጣጣ ተይዛ፣ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ዕለት የሞተችው ፎቶግራፍ አንሺ ተመራማሪ አልነበረችም።

ቢቃጠልስ ዕውቀቱ አብሮ ይቃጠላልን? በ2010 ዓ.ም. የካናዳ ሳይንቲስቶች የፈረስ ፈንጣጣን ቫይረስ በትእዛዝ ገዝተው ባስመጡት የዘረመል ቁርጥራጭ መሥራታቸውን ይፋ አድርገዋል። እንዲያም ሆኖ እኔ ይቃጠል ባይ ነኝ፤ አደጋውን የሚሸከመው ክንዱ ላይ የክትባት ጠባሳ የሌለው ትውልድ ነው፤ ፈቃዱንም የጠየቀው የለም።