የአሮጌው መኪና ባለቤት ማን ነው?

በአሜሪካ የብረታ ብረት ከተማ በፒትስበርግ፣ በሼንሊ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ፣ የአሮጌ ስፖርት መኪናዎች እሽቅድምድም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። መንገዱ ለእሽቅድምድም የተሠራ አይደለም፤ ዘወትር ሕዝብ የሚመላለስበት፣ 23 መታጠፊያ ያለው አስፋልት ነው። ዳርና ዳሩን የድንጋይ ግንብ፣ ምሰሶና ዛፍ ይዘውታል። ከግጭት እንዲያድን የሚደረደረው የድርቆሽ እስር ነው።

ታዲያ ላሜራው በእጅ የተቀጠቀጠን፣ ምትክ የማይገኝለትን መኪና በዚህ ግንብ መካከል ማስጋለብ ተገቢ ነውን? ባለቤቱ «ንብረቴ ነው» ሊል ይችላል። ሆኖም የገዛው ብረቱን እንጂ ስማቸው እንኳ ያልተመዘገበውን የነዚያን ሠራተኞች ጥበብ አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ለአንድ ሰው ደስታ ሲባል ሊደቅ አይገባም የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም (ከውድድሩ የተሰበሰበው ገንዘብ ለኦቲዝም ተጠቂዎች መርጃ መዋሉም ጥያቄውን አይዘጋውም)።

ነገር ግን ሠራተኞቹ ሐውልት አልሠሩም። ሞተሩ የተቃኘው እንዲጮኽ፣ መሪው የተበጀው ለኩርባው እንዲታዘዝ ነው። በቤተ መዘክር የቆመ መኪና ቅርጹን ያሳያል፤ የሠሪውን አሳብ ግን ይደብቃል። በርግጥ የተሰበረው ሁሉ እየተተካ ሲሄድ ከጥንቱ ምን ይቀራል? የሚቀረው ሙያው ነው። ፓራፋንጎ ካልተጨረመተ ወጣቱ ባትላሜራ የአያቶቹን የመዶሻ አመታት በምን ይማራል?