ከመጻፍ በፊት መሳል

«ደራሲ ለመሆን ምን ላንብብ?» ብለው ለሚጠይቁኝ ወጣቶች መልሴ አንድ ነው፤ ያገኛችሁትን አንብቡ፣ ግን እርሳስ ይዛችሁ ሳሉም። አብዛኞቹ ይስቃሉ። «እኔ እኮ ዶሮ እንኳን መሳል አልችልም!» ይላሉ። ሠዓሊ ሁኑ ማን አለ? እኔ የምፈልገው ሥዕሉን ሳይሆን ለመሳል ሲባል የግድ የሚደረገውን ማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንጽፍ ማምለጫ አለን። ስለ አንድ የዋግ ኽምራ ገበሬ ጻፉ ብንባል፣ ብዙዎቻችን ሰቆጣ ሳንደርስ «ድርቅ ያጎሳቆለው ምስኪን ገበሬ» ብለን ዓረፍተ ነገሩን እንዘጋለን። ሰውየውን ግን አላየነውም። እርሳስ ይህን አይፈቅድም፤ «ምስኪን» የሚባል መስመር የለውማ! ጋዝጊብላ ውስጥ ማሳው ዳር የቆመ ሰው ለመሳል ጋቢው ከየትኛው ትከሻው እንደ ወረደ፣ ዱላውን እንዴት እንደ ተደገፈ፣ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደ ጣለ ማየት ግድ ነው። አይተን ስንጨርስ ምስኪኑን ትተን ደመናውን አይቶ መቼ እንደሚዘራ የሚያሰላ ሰው እናገኝ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የሙያ ብቻ መሆኑ ይቀርና የሕሊና ይሆናል። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወዲህ ስለ ዋግ ካነበብኩት አብዛኛው በረሃብ ተጀምሮ በረሃብ የሚያልቅ ነው። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃልም ስሙ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። ዓላማው መልካም ነው፤ ችግሩም እውነት ነው። ይሁን እንጂ አገር በአንድ ቃል ብቻ ሲጠራ በኽምጣና ቋንቋ የሚቀልደው፣ ማር የሚቆርጠው፣ ልጁን የሚድረው ሰው ከገጹ ላይ ይጠፋል። ላላዩት ሰው ማዘን ቀላል ነው፤ ማክበር ግን ማየትን ይጠይቃል።

ሥዕልና ጽሑፍ ደግሞ እኛ ዘንድ ባዳ አይደሉም። በብራና መጽሐፍ ገጽ ራስጌ የሚሳለው ጌጥ «ሐረግ» ይባላል፤ የሰዋስው መምህራንም ለቃላት ጥምረት የሰጡት ስም ይኸው ነው። በ1924 ዓ.ም. ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የብራና መጻሕፍትን ያስጌጡ የነበሩ አለቃ ልጅ ነበር። ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ግጥምም ጻፈ። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተባለው የግጥም መድበሉ የታተመው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

«የእሱ ሥዕል ረቂቅ አይደል እንዴ? ከማየት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ማርቀቅ ካዩት ውስጥ መርጦ ማስቀረት ነው፤ ያላየ ሰው ከምኑ ይመርጣል? ጸሐፊም የአንድን ሰው ነገር ሁሉ አይዘረዝርም። ሃያ ነገር አይቶ ሁለቱን ይጽፋል፤ ሁለቱ ግን የዚያ ሰው ብቻ ናቸው።

በእርግጥ እርሳስ ሁሉን አይችልም። የሰውየውን ድምፅ አይሰማም፤ እሱ የጸሐፊው ጆሮ ፈንታ ነው። ቢሆንም ስለ አንድ ሰው ልትጽፉ ስትነሱ እስቲ መጀመሪያ እጁን ሳሉት። ሥዕሉ ቢበላሽ የሚጎዳ ማንም የለም። ሳታዩት ብትጽፉት ግን የሚበላሸው ሰውየው ነው።