ምልክትና ምክንያት

የአንድ ነገር ጉድለት መታየቱና የጉድለቱ ምክንያት መታወቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ምልክቱን እንዳየ ምክንያቱን ያገኘ ይመስለዋል፤ ከዚያም ፈጥኖ ይፈርዳል። ይህ የአእምሮ ስንፍና ብቻ ነውን? ወይስ የሥነ ምግባር ጥፋትም ጭምር? ለዚህ ጥያቄ የመካኒክ ሥራ ጥሩ ብርሃን ይፈነጥቅለታል።

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ሸቤን አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል። በቡና ለቀማ ወራት በዚህ መንገድ የሚመላለስ ተሽከርካሪ የብዙ ገበሬዎችን የዓመት ላብ ይሸከማል። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠና እየተንተፋተፈ ሸቤ ላይ ቢቆም አንዱ «ካንዴላው ነው» ይላል፤ ሌላው «ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል» ይላል፤ ሦስተኛው «ፊልትሮው ተደፍኗል» ይላል። ከሦስቱ አንዱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ያወቀ ግን ከመካከላቸው የለም።

ዐዋቂው መካኒክ አስቀድሞ ያዳምጣል። ባለ 4 ሲሊንደር አሮጌ የቤንዚን ሞተር ከሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ የየካንዴላውን ሽቦ ተራ በተራ ይነቅላል። ሽቦው ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ከተዳከመ ያ ሲሊንደር ድርሻውን ሲወጣ ኖሯል ማለት ነው፤ ለውጥ ካልታየ ሥራ የፈታው እርሱ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ «የልዩነት ዘዴ» ብሎ የተነተነው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው፦ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዱን ብቻ ለውጦ ውጤቱን መመልከት።

ሆኖም ሥራ የፈታው ሲሊንደር ተገኘ ማለት ጥፋተኛው ተገኘ ማለት አይደለም። መካኒኩ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጣል። ጉድለቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን ሽቦው፣ ቫልቩና ኮምፕሬሽኑ መመርመር አለባቸው። በዛሬ መኪናዎች ላይ ያለው ኮምፒውተር እንኳ የትኛው ሲሊንደር እንደሳተ በቁጥር ያመለክታል እንጂ ለምን እንደሳተ አይፈርድም።

«ዕቃውን ሁሉ ለውጦ መገላገል አይሻልም?» የሚል ይኖራል። በዚህም መንገድ ሞተሩ ሊድን ይችላል። ነገር ግን ደህናው ዕቃ ከተበላሸው ጋር አብሮ ይጣላል፤ ዋጋውንም ባለ ንብረቱ ይከፍላል። ግምት የሥነ ምግባር ጥፋት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የገማቹ ዕዳ በሌላው ትከሻ ላይ ይወድቃልና።

ይህ በሰው ላይ ሲሆን ይከብዳል። ትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረበት ተማሪ ፈጥኖ «ሰነፍ» ይባላል፤ ርቦት እንደሆነ፣ ወይም ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው አልታይ ብሎት እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በመሥሪያ ቤትም ሥራው የቀዘቀዘ ባልደረባ ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ሰው እንደ ካንዴላ ተነቅሎ፣ ተሞክሮ፣ እንደ ነበረ የሚመለስ አይደለም፤ የተሰጠው ስም አብሮት ይኖራል። በአንጻሩ ሞተር የሌለው አንደበት አለው፤ ቢጠይቁት ይመልሳል። እንግዲህ ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው ከመካኒኩ ያነሰ ምክንያት፣ የበለጠም ኃላፊነት አለበት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ፍርድ ከጥያቄ በሚቀድምበት ቤት ግን በሽታውን የማይደብቅ ማን ነው?