መልቀቅ ምሕረት ነውን?

ፍጡርን ለገዛ ደስታው ያቆሰለ ሰው፣ ሳይገድለው ስለ ተወው ብቻ መሐሪ ሊባል ይገባዋልን? ጥያቄው የጉባኤ ቤት ክርክር ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ በዋሽንግተን ግዛት በየወንዙ ዳር መንጠቆ የሚጥል ሰው ሁሉ፣ ቢያስብበትም ባያስብበትም፣ በእጁ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። የሕግም ፍርድ በየአገሩ አንድ አይደለም። እዚህ በማራቢያ ያልተፈለፈለውን ስቲልሄድ የያዘ ሰው እንዲለቀው፣ እንዲያውም ፈጽሞ ከውኃ እንዳያወጣው ታዝዟል። በስዊዘርላንድ ግን ከ2009 ጀምሮ (ዓመቶቹን በአውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለመልቀቅ አስቦ ዓሣ ማጥመድ ራሱ የተከለከለ ነው። መንጠቆው አንድ ሲሆን ፍርዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ነገሩን ወደ እኛ ያቀረበው አንድ ወዳጄ ነው። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ በዚህ አገር ብዙ ዘመን የኖረና ወንዞቹን እንደ ሰፈሩ ጎዳና የሚያውቅ ሰው ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ዓሣ ማጥመድ ላስተምር ብሎ ቢጠይቅ፣ ከወላጆች አንዳንዶቹ «ነገሩ ኃጢአት የለበትም ወይ?» ሲሉ እኔን ጠየቁኝ። ሳላይ መፍረድ አልወደድሁምና፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ የነነዌ ጾም ሳይገባ አንድ ቀን አብሬው በካውሊዝ ወንዝ ዋልሁ።

ካውሊዝ ከሬኒየር ተራራ በረዶ ተነሥቶ ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ የሚገባ ነው። በ1960ዎቹ ሜይፊልድና ሞሲሮክ የተባሉ ሁለት ግድቦች ተሠሩበትና ዓሣው ወደ ላይኛው መውለጃው የሚወጣበት መንገድ ተዘጋ። ለጠፋው ካሣ እንዲሆን ከግድቡ በታች የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ተቋቋመ። ስቲልሄድ ከቀስተ ደመና ትራውት ወገን ሲሆን፣ ልዩነቱ ወደ ባሕር ወርዶ፣ አድጎ፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ተወለደበት ወንዝ መመለሱ ነው። ከሳልሞን በተለየም ከወለደ በኋላ ሁልጊዜ አይሞትም፤ ዳግመኛ ባሕር ወርዶ ዳግመኛ ሊመለስ ይችላል። በኮሎምቢያ የታችኛው ክፍል ያለው የዚህ ዓሣ ዘር ከ1998 ጀምሮ ለመጥፋት የሚያሠጋ ተብሎ በሕግ ጥበቃ ሥር ውሏል።

ታዲያ የሚገደለውና የሚለቀቀው በምን ይለያል? ወዳጄ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ልብሱን እየለበሰ አስረዳኝ። በጀርባው ክንፍና በጅራቱ መካከል አንዲት ትንሽ ሥጋ መሰል ክንፍ አለች። በማራቢያው የተፈለፈሉት ገና ጫጩት ሳሉ ይህች ክንፍ ትቆረጥባቸዋለች። ክንፉ የተቆረጠ ይበላል፤ ሙሉ የሆነው ይለቀቃል። በግብጽ ሌሊት የዳነው ምልክት ያለበት ቤት ነበር፤ በካውሊዝ ግን ምልክት ያለበት ይሞታል።

እስከ ቀትር አንድ ትንሽ ትራውት ብቻ ተይዞ ተለቀቀ። የቀረው ብርድና ዝናብ ነበር፤ ወዳጄ ግን ከዚህ የሚበልጥ ቀን የለም ይላል። ከቀትር በኋላ ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው ሁለት ጊዜ ከውኃው ዘለለ፤ ገመዱን ይዞ ወደ ታች ሸሸ፤ በመጨረሻ ደክሞ ቀረበ። ክንፉ ሙሉ ነበር። ወዳጄ በውኃው ውስጥ ተንበርክኮ መንጠቆውን ነቀለለት፤ ራሱንም ወደ ወራጁ አዙሮ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። ሲለቀው ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ሰውን ከመከራ ያወጣ ሰው ደስታ ነበር። ሊመሽ ሲል ክንፉ የተቆረጠ አንድ ተያዘ። ያንን በአንድ ምት ገደለው፤ ምንም አልተናገረም።

ከሁለቱ ያስጨነቀኝ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ዓሣ ለማዕድ ሞተ፤ ሐዋርያት ከነበሩበት ሥራ የሚለይ አይደለም። የመጀመሪያውን ግን መከራ ውስጥ ያገባው ያው ያወጣው እጅ ነው። በ2003 በስኮትላንድ የተመራመሩ ሊቃውንት በትራውት ራስና ከንፈር አካባቢ ጉዳትን የሚያስታውቁ ሕዋሳት አግኝተዋል፤ ከንፈሩ ላይ የንብ መርዝ ወይም አሲድ የተወጋው ዓሣ ከምግብ ርቆ ቆይቷል፤ አሲድ የተወጋውም ከንፈሩን በጠጠር ያሻሽ ነበር። የዓሣ አንጎል ሕመምን እንደ ሰው ሊያውቅ አይችልም የሚሉ ሌሎች ሊቃውንት አሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ለእኔ ግን በጥርጣሬ ጊዜ የማስረዳት ሸክም ያለው ዘንጉን በያዘው ላይ እንጂ በዓሣው ላይ አይደለም።

ይህን በመኪና ስንመለስ ነገርሁት። «የኔታ፣ ይህን ወንዝ ማን ያውቀዋል? የሚያጠምድበት ሰው አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ዓሣውን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ቢጠፋ መጥፋቱን በምን ያውቃል? ለዓሣው የሚጮኹት እኮ እኛ ነን።» ክርክሩ ቀላል አይደለም። ከ2011 እስከ 2014 የኤልዋ ወንዝ ሁለት ግድቦች ሲፈርሱ፣ ከደጋፊዎቹ መካከል አጥማጆች ነበሩ። ነገር ግን ለዚያ ወንዝ ከሁሉ ረጅም ዘመን የታገሉት የክላላም ነባር ሕዝብ ናቸው፤ እነርሱም ዓሣውን የሚያውቁት በመብላት ነው። በነባር ሕዝቦች ዘንድ በዓሣ መጫወትን ነውር የሚሉ አሉ።

ስለዚህ የምለየው እንዲህ ነው። ለምግብ ሲያጠምድ ሙሉ ክንፍ ያለው የገጠመው ሰው ቢለቀው፣ ዘሩ እንዳይጠፋ ያለበትን ዕዳ ከፈለ፤ ፍትሕ ነው፤ ምሕረት ብለን ግን አናስጊጠው። የሚለቀውን ብቻ ፈልጎ የሚወጣውን ሰው ግን ልደግፈው አልቻልሁም። ከሚለቀቁትም አንዳንዶቹ በኋላ ይሞታሉ፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። የአገራችንን የባሌ ወንዞች እናስብ። በዚያ ያለው ትራውት በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነውና የሚጠበቅ የአገር ዘር የለውም፤ በዚያ ይዞ መልቀቅ ለማን ዕዳ ይከፈላል?

ወዳጄ በስካጂት ወንዝም ያጠምዳል፤ በዚያ ከ2018 ወዲህ በተፈቀደባቸው የጸደይ ወራት የተያዘው በማራቢያ ያልተፈለፈለ ስቲልሄድ ሁሉ መለቀቅ አለበት። ልጆቹንም ወደዚያ መውሰድ ይፈልጋል። ለወላጆች የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ወደ ካውሊዝ ይሂዱ፤ የያዙትን ራሳቸው ያርዱ፣ ራሳቸው ይጠቡ፣ ለቤተ ሰባቸው ያምጡ። ወደ ስካጂትም ይሂዱ፤ ዓሣው ሲዘል ይዩ፤ ዘንግ ግን አይያዙ። ወዳጄ በሁለተኛው አልተስማማም፤ «ዘንግ የሌለው ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንጋይ መወርወር ይጀምራል» ብሎኛል። እስከ ጸደይ ጊዜ አለን።