የአባት እርሻ በልጅ ፊት

መተማ በታሪክ መጽሐፍ ስሟ የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ስለ ወደቁባት ነው። ከዚያ ጦርነት በፊትም በኋላም በኮረብታዎቿ ላይ የኖረው የዕጣን ዛፍ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ ለአገሩ ልጅ ለማስተማር የሚነሣ መምህር ገና ከጅምሩ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ለመሆኑ በልጅ ፊት የአባቱን ሥራ ጥፋት ብሎ መጥራት ይገባልን?

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በደጋው መሬት ያጠረው ገበሬ በሰፈራ ወደ መተማና ወደ ቋራ ወረደ። ባለሀብቱም ለሰሊጥና ለጥጥ ሰፊ መሬት ያዘ። (ምድሩ ባዶ ነበር የሚለው አባባል ግን ሐሰት ነው፤ ጉሙዞች ይኖሩበት ነበር።) ጫካው ተመነጠረ። ይሁን እንጂ የብዙው ተማሪ ደብተርና ጫማ የሚገዛው በዚያው በሰሊጥ ገንዘብ ነው። «አባትህ ደን አጥፊ ነው» የሚል ትምህርት የእውነትን እኩሌታ ብቻ ያስተምራል፤ ልጁንም ወይ በአባቱ ያሳፍረዋል፣ ወይ ጆሮውን ከመምህሩ ያስመልሰዋል።

ነገሩን ሸፋፍኖ ማለፍም ቅንነት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት፣ በመተማ የተጠናው የዕጣን ዛፍ ሁኔታው ካልተለወጠ በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶው እንደሚጠፋ፣ የዕጣኑም ምርት በ15 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። የሚያስደነግጠው የዛፉ መሞት ብቻ ሳይሆን ወራሽ ማጣቱ ነው። በክረምት ቡቃያው ከመሬት ብቅ ይላል፤ ነገር ግን በእሳትና በከብት መካከል ቁመት ሳያወጣ ይቀራል። ዕጣን ለማውጣት ልጡ እየተደጋገመ የሚቆስለው ዛፍም የሚያፈራው ዘር ያንሳል፤ ከዘሩም የሚበቅለው ጥቂት ነው።

እንግዲህ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ጫካው ይዞ ይውጣ። ትልልቁን ዛፍ ይቁጠሩ፤ ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ይቁጠሩ፤ በሁለቱ መካከል ሊቆም የሚገባውን ለጋ ዛፍም ይፈልጉ። ከዚያ በኋላ የማን እጅ እንዳለበት ይጠያየቁ። በዝርዝሩ ውስጥ እሳት የለቀቀው፣ ልጡን ያቆሰለውና ያረሰው ብቻ ሳይሆኑ፣ በቡና ሰዓት ዕጣን የሚያጨሰውም፣ ሰሊጡን ባሕር ማዶ የሚሸምተውም ይገባሉ።

ምናልባት አንዱ ተማሪ «ታዲያ አባቴ ምን ይረስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መምህሩ ለዚህ ብቻውን መልስ መስጠት አይጠበቅበትም። አባትየው ራሱ ወደ ክፍሉ ተጋብዞ ይምጣ፤ እሳቱ በየትኛው ወር እንደሚለቀቅ፣ በየትኛው ተዳፋት ቡቃያው ከከብት እንደተረፈ የሚያውቀው እርሱ ነው።