ሩክ የተሸከመችው

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጡና አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ ሆኖ ታሪክ ያወጋሉ፤ አንደኛው ታሪኩን ይመራል፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይስ ይወስናል። በመንገዳቸው የሚገጥሟቸው ፍጥረታት ሁሉ ጠባያቸውና አቅማቸው በቁጥር ተሰፍሮ በመጽሐፍ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 መውጣት በጀመረው አምስተኛው እትም ውስጥ ካሉት ግዙፍ አሞሮች ሁለቱን እንውሰድ። አንዷ ሩክ ናት፤ ዝሆን በጥፍሯ አንጠልጥላ የምትበር። ጉልበቷ 28፣ እስክትወድቅ የምትችለው የጉዳት ልክ 248፣ አእምሮዋ ግን 3 ነው፤ ያውም ተራ ሰው 10 በሚያገኝበት ሚዛን። ሁለተኛው ግዙፉ ንስር ነው፤ ከሩክ አጠገብ ሲቆም ጫጩት ቢያህልም አእምሮው 8 ነው፣ የሰው ቋንቋም ይሰማል። በመጽሐፉ ከየፍጥረቱ ስም ሥር ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚል ፍርድ አለ። ንስሩ ከደጎች ተቆጥሯል። ሩክ ግን ከደጉም ከክፉውም አልተመደበችም፤ በቦታዋ «ወገን የለሽ» ተብሎ ተጽፏል፤ ባዶ እንደ ማለት ነው።

ይህ ባዶ ቦታ ሳይናገር የሚያስተምረው ነገር አለ። ደግነት አእምሮ ካለበት ይጀምራል፤ የማያውቅ ጉልበት ከምስጋናም ከወቀሳም ውጭ ነው ይላል። ሐሳቡን የጨዋታው ደራሲዎች አላመነጩትም። ከአርስቶትል ጀምሮ ምግባርን ከማወቅና ከመምረጥ ጋር አስተሳስሮ የመጣ ረጅም የፍልስፍና መስመር ነው፤ በዋዛ የሚጣልም አይደለም። እኔ ግን ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ወቀሳ ማወቅን ይጠይቃል፤ ክብር ግን አይጠይቅም። ከጉና ተራራ ዙሪያ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለዘመናት ሲሰጥ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግዙፉን አሞራ የሚመዝነው በሌላ ጥያቄ ነው፤ ምን ያውቃል ብሎ ሳይሆን ማን ላከው፣ ምንስ ተሸከመ ብሎ።

አስቀድሞ ስለ መጠኑ ጥቂት እንበል። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ አካል በቁመት፣ በወርድና በውፍረት እጥፍ ሲሆን የገጹ ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለአሞራ ይህ ክፉ ዜና ነው፤ አካሉ ባደገ ቁጥር ክንፉ ሸክሙን መቻል ያቅተዋል። ሰው ካያቸው አዳኝ አሞሮች ሁሉ ትልቁ፣ ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ከኒው ዚላንድ የጠፋው የሃስት ንስር፣ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው ጉናና በበሽሎ ገደሎች ዓይነት ደጋማ ስፍራ የሚኖረው፣ አጥንት ከሰማይ ወደ ዓለት ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ጺማም አሞራ እንኳ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር አይሞላም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር በስተ ሰሜን ሊማሊሞ ላይ እንዲህ ያለው አሞራ የአገልጋዮቹን የፍየል ሥጋ ነጥቆ ሲሄድ አይቶ በመደነቅ ጽፏል። የእውነተኛው አሞራ የድፍረት ልክ የፍየል ጭን ነው። ዝሆን የሚያነሣው ከሰው ሐሳብ በቀር ማረፊያ የለውም፤ ስለዚህ ሩክን ስንመረምር የምንመረምረው ወፏን ሳይሆን ስለ ኃይል ያለንን እምነት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት ጋር የምትቆጥረው ዕዝራ ሱቱኤል ከየትኛውም ጨዋታ የሚያስፈራ አሞራ ያሳየናል። ዐሥራ ሁለት ክንፍና ሦስት ራስ ያለው ንስር ከባሕር ይወጣል፤ ክንፉን በምድር ሁሉ ላይ ይዘረጋል፤ ከሰማይ በታች ያለ ሁሉ ይገዛለታል። ክንፎቹ በየተራ ይነግሣሉ፣ በየተራም ይጠፋሉ። በመጨረሻ ከዱር አንበሳ እየጮኸ ወጥቶ በሰው ድምፅ ይዘልፈዋል፤ የንስሩ ሥጋም ይቃጠላል። ትርጓሜው እዚያው ተሰጥቷል፤ ንስሩ ዳንኤል ያየው አራተኛው መንግሥት ነው፣ አንበሳው መሲሕ ነው። እኔን የሚይዘኝ የዘለፋው ይዘት ነው። አንበሳው ንስሩን ስለ ግዝፈቱ አይወቅሰውም። እንዲያውም በዓለም እንዲገዙ እግዚአብሔር ካቆማቸው አራት አራዊት የቀረኸው አንተ ነህ ይለዋል። ጥፋቱ በእውነት አለመፍረዱ፣ የዋሆችን ማስጨነቁ ነው። የተሰጠውን የራሱ አደረገ። እዚህ ላይ ከጨዋታው ደራሲዎች ጋር እስማማለሁ፤ ይህ ንስር የሚናገር፣ የሚመክር፣ የሚያውቅ ነውና መጠየቁ ተገቢ ነው።

የሚያውቅና የሚታዘዝ አሞራም አለን። በተረፈ ባሮክ ንስር ደብዳቤና የበለስ ፍሬ ይዞ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ይበርራል፤ በመንገድ አይዘገይም፤ ሲደርስም በሞተ ሰው ላይ ዐርፎ ያስነሣዋል፣ ለኤርምያስም በሰው አንደበት ይናገራል። ግንቦት 11 ቀን በሚነበበው ስንክሳር ደግሞ ሦስት አዕዋፍ ከኤዶም ገነት ወደ ቅዱስ ያሬድ ይላካሉ፤ በሰው ቋንቋ አነጋግረው ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ያወጡታል፤ ዜማውንም ከ24ቱ ካህናተ ሰማይ ይሰማል። እነዚህ በጨዋታው ሚዛን ቢቀመጡ ያለ ክርክር ከደጉ ንስር ጎን ይሰለፉ ነበር። ክርክሩ የሚጠነክረው ሩክ ላይ ነው።

የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ በአረብኛ ሲተረክ፣ በግእዙ ክብረ ነገሥት የሌለ አንድ ክፍል ይዟል፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ዋሊስ ባጅም እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው የክብረ ነገሥት ትርጉም መጽሐፍ ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። ሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲሠራ የብረት መሣሪያ ድምፅ እንዳይሰማ ሆኖ ድንጋዩ የሚፈለጥበት ብልሃት ይቸግረዋል። አዳኞች ልኮ የሩክ ጫጩት ያስይዛል፤ በናስ ድስት ይደፋባታል፤ ክንፏ ብቻ ወጥቶ ይታያል። እናት ስትመለስ ልጇን ከድስቱ በታች ታያለች፤ ጉልበቷ አልጠቀማትም፣ ጥፍሯም አልጠቀማትም። በርራ ገነት ትደርሳለች፤ ከዚያ እንጨት ይዛ ተመልሳ ድስቱ ላይ ትጥላለች፤ ድስቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሠራተኞቹ እንጨቱን ይወስዱትና ድንጋይ ይፈልጡበታል። በኋላ ንግሥቲቱ ስትመጣ ያንኑ እንጨት ረግጣ ጉድለት የነበረበት እግሯ ይፈወሳል፤ ለክብሩም የብር ቀለበት ይደረግለታል፤ በኋላ ሌሎችም ሲጨመሩ ቀለበቶቹ ሠላሳ ይሞላሉ፣ ለይሁዳም የተከፈለው ሠላሳ ብር ይሆናሉ። እንጨቱ ራሱ የክርስቶስ መስቀል ሆነ ይላል ታሪኩ። ጫፉ እኛ ዘንድም ይደርሳል፤ የመስቀሉ ግማድ ያረፈባት ግሸን በሽሎን ተሻግሮ ወሎ ውስጥ ናት፣ መስከረም 21 ቀንም ምእመናን ከየአቅጣጫው ይጎርፉባታል። እንግዲህ አእምሮዋ 3 የሆነችው ወፍ ምን እንዳደረገች ተመልከቱ። ድስት መስበር ፈለገች፤ የዓለምን መዳን ተሸከመች።

አንባቢ ወዲያው የሚያነሣውን አውቃለሁ፤ ሩክ መጥረቢያ ናት፣ የመጥረቢያን ክብር ደግሞ ማን ያወራል? አይደለችም። መጥረቢያ የሚፈልገው ነገር የለውም። ሩክ ግን ልጇን ትፈልጋለች፤ ከፍልስጥኤም እስከ ገነት ያስበረራት ያ ነው። የጎደላት እውቀት ስለ እንጨቱ ፍጻሜ ነው እንጂ ስለ ልጇ አይደለም። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ፍጥረት ስድስት ቁጥር ይሰጣል፤ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ብርታት፣ አእምሮ፣ ማስተዋልና ግርማ። እናትነት የሚጻፍበት ሰባተኛ ዓምድ የለውም፤ በቁጥር ያልገባውን ደግሞ ባዶ ብሎ አለፈው።

ሳያውቁ መሸከም በጋይንት የመጽሐፍ ተረት ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ሥርዓት ነው። የዜማው መጽሐፍ የድጓ ምስክር፣ ማለት የመጨረሻው ማረጋገጫ፣ የሚገኘው ከቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ከዙር አባ። ሁለቱም ጋይንት ናቸው፤ ትውፊቱ ዝማሬን ከያሬድና ከዙር አባ ጋር ያያይዘዋል። የዜማ ቤት ተማሪ የዓመቱን በዓላት ቃል ከነምልክቱ በጉሮሮው ይይዛል፤ ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ለዓመታት ይዘልቃል። የግእዙ ግስና አገባብ ግን የቅኔ ቤት ትምህርት ነው፤ የመጻሕፍቱ ምሥጢር የትርጓሜ ቤት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ልጁ ድጓውን ቀድሞ ይሸከማል፣ ትርጉሙን በኋላ ያገኛል፤ ሳያገኝ የሚቀርም አለ። ይህን የሚነቅፉ ጥቂት አይደሉም፤ ትርጉሙን ሳያውቁ መሸምደድ በቀቀንነት ነው ይላሉ። ነቀፋው እውነት አለው፤ ተሸክሞ መቅረት ግብ ሊሆን አይገባም። ሆኖም ዜማውን በዘመን ላይ ያሻገረው የሚያውቀው ብቻ አይደለም። ቃሉን አንዲት ምልክት ሳያጓድል ያደረሰ ልጅ፣ ያደረሰው ነገር ከእርሱ እውቀት ስለሚበልጥ ዋጋው አይቀንስም። ያሬድም ቢሆን የሰማውን አደረሰ እንጂ ከራሱ አላመነጨም።

የሩክ ታሪክ ቀኖና አይደለም፣ ሩክ የምትገኝበት የሲንድባድ ተረት ክርስትና ተነሥቶ ነው የሚል ቢመጣ ስለ ምንጩ አልከራከረውም። የአይሁድ መጻሕፍትም ሰሎሞን ድንጋይ የሚሰነጥቀውን ሻሚር የወፍ ጫጩቶችን በመስተዋት ከድኖ እንዳገኘው ይተርካሉ፤ ታሪኩ በብዙ አፍ ያለፈ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ በተረቱ ላይ ብቻ አልቆመም። ኤልያስን በኮራት ወንዝ እንጀራና ሥጋ እያመጣ የመገበው ቁራ ነው፤ ቁራ ደግሞ በኦሪት ዘሌዋውያን ከርኩሳን አዕዋፍ ተቆጥሯል። ቁራው የነቢዩን ማንነት ማወቁን መጽሐፉ አይነግረንም። የታዘዘውን አመጣ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ሳያውቅ የሚሸከም ክቡር ነው ማለት ለሚያሸክመው ጌታ አይመችምን? ገባሩ፣ ወታደሩ፣ የቆሎ ተማሪው የማያውቀውን ሸክም ተሸክሞ «ክቡር ነህ» ቢባል ርካሽ ደመወዝ ነው። መልሴ በሩክ ታሪክና በዕዝራ ሱቱኤል መካከል ይገኛል። በሩክ ታሪክ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ሰሎሞን። የእናትን ጭንቀት መሣሪያ ያደረገው እርሱ ነው፤ የሥራው ፍጻሜ ማማሩም ያንን አያጥበውም። የዕዝራ ንስርም የተቃጠለው የሚያውቅ ስለ ነበረ ነው። ተሸካሚውን ማክበር አሸካሚውን ከጥያቄ አያወጣውም፤ ይልቅስ ጥያቄውን ወደ እርሱ ይመልሰዋል። ጨዋታው ሩክን ባዶ ሲላት ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ይሰርዛል፤ እርሷን ከክብር፣ በድስት የከደነባትን ከተጠያቂነት።

«ጨዋታ ነው፣ ቁጥሩም ለዳይስ ሒሳብ ነው» የሚለኝ ሰው ግማሽ መልስ ሰጥቶኛል። ቁጥሩ ለሒሳብ ነው፤ «ከደግም ከክፉም አይደለችም» የሚለው ግን ሒሳብ አይደለም፣ ስለ ፍጥረት የተሰጠ ቃል ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው «ሆቢት» ያመጣቸውን ግዙፍ ንስሮች ለማክበር አንደበት ሰጥቷቸዋል፤ ዝም ያለ ትልቅ ወፍ እንዴት እንደሚከበር ያስቸገረው ይመስላል። ኅዳር 8 ቀን የምናከብራቸው አርባዕቱ እንስሳ ግን ዙፋኑን ሲሸከሙ አንዱ ገጻቸው ንስር ነው፤ ሊቃውንቱ እንደሚሉት ገጸ ሰብእ ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላህም ስለ እንስሳ፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ ይለምናል። በሌዋውያን ከማይበሉት አዕዋፍ በመጀመሪያ የተጠራው ያው ንስር ነው። ለማዕድ የማይቀርበው አሞራ ከዙፋኑ ሥር ጠበቃ አለው፤ አንደበት ላለውም ለሌለውም።

ጀግኖቹ የሩክን እንቁላል ሊሰርቁ ገደል የሚወጡበት ጉዞ በዚህ ጨዋታ የተለመደ ነው። እናቲቱ ከሩቅ ስትታይ ሁሉም ወደ ዳይሱ እጁን ይዘረጋል። ታሪኩን የሚመራው ሰው በዚያች ቅጽበት፣ ከመወርወሩ በፊት፣ በጥፍሯ የያዘችው እንጨት ከየት እንደመጣ ቢነግራቸው፣ ጎጆው ውስጥ የቆሙት ሌቦች ለራሳቸው የትኛውን ቁጥር እንደሚሰጡ ማየት ነው።