ክኒኑን ማን ያቀብል? አደራውንስ ማን ይቀበል?

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሐኪም ያዘዘውን፣ ፋርማሲስት ያዘጋጀውን፣ ስምና ሰዓት የተጻፈበትን ክኒን ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ለአንዲት አሮጊት ለማቀበል የግድ ነርስ መሆን ያስፈልጋል? ወይስ አጭር ሥልጠና የወሰደች ረዳት ብታቀብላቸው ምንም አይደለም? በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያዎች፣ እነሱ «ነርሲንግ ሆም» በሚሏቸው፣ ይህ ጉዳይ ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር ኖሮ ዛሬም አልበረደም።

«የሰው አገር ጣጣ ነው» ብሎ ገጹን ለመግለጥ የቸኮለ አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠን። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ እንዲሁም በሚኒሶታ የመድኃኒት ጋሪ እየገፉ ከክፍል ክፍል ከሚዞሩት መካከል የእኛው እኅቶችና ወንድሞች ይገኙበታል። እዚህ አገር በነርስነት አገልግለው፣ እዚያ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን እስኪያልፉ ድረስ በረዳትነት የሚሠሩም አሉ። እንግዲህ ለዒድ የሚላክልን ገንዘብ ከፊሉ ከዚህ ሥራ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ሥራው ምን እንደሆነ ማወቁ ይገባናል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ በነርሲንግ ሆም የሚሠራ የነርስ ረዳት ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ በፈተና እንዲመዘን ያስገድዳል። የዚህ ረዳት ሥራ ተጧሪውን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ጎኑ እንዳይቆስል ማገላበጥ ነው። መድኃኒት መስጠት በዚህ ውስጥ አይገባም። ብዙ ስቴቶች ግን ከዚህ በላይ ሌላ እርከን አበጅተዋል፤ «መድኃኒት ሰጪ ረዳት» ልንለው እንችላለን። ቴክሳስ ለዚህ የ140 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል። ሰሜን ካሮላይና 24 ሰዓት አስተምሮ ይፈትናል። ክኒኑ ያው ክኒን፣ ጉሮሮውም ያው የአዛውንት ጉሮሮ ሆኖ ሳለ የትምህርቱ ሰዓት ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ማሳየቱ፣ «በቂ ሥልጠና» የሚባለውን ነገር ማን በምን ሰፍሮት ነው ያሰኛል።

ይፈቀድ የሚሉት ወገኖች ክርክራቸውን ከሂሳብ ይጀምራሉ። አንዲት ነርስ በጠዋቱ ፈረቃ ለሠላሳ ተጧሪዎች መድኃኒት ልታድል ጋሪዋን ይዛ ተነሣች እንበል። ለአንዱ ሰው አራት ደቂቃ ብቻ ብትሰጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይፈጅባታል። በተለመደው አሠራር መድኃኒት ከታዘዘበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢሰጥ በሰዓቱ እንደተሰጠ ስለሚቆጠር፣ ያላት ጊዜ ልክ ያው ሁለት ሰዓት ነው። ታዲያ አዛውንቱ ሲውጥ ትን ቢለውስ? በመሐል ስልክ ይጠራል፤ በወዲያኛው ክፍል አንዱ ከአልጋው ይወድቃል፤ የአንዷ ልጅ መጥታ «እናቴን ዛሬ ማን አያት?» ትላለች። ነርሷ ወደ ጋሪው ስትመለስ የትኛውን ክኒን አውጥታ የትኛውን እንዳላወጣች ግራ ይገባታል። የፌዴራሉ ደንብ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ከመቶ አምስት እንዳይደርስ የሚል ነው። ሕጉ ራሱ ስሕተቱን ጨርሶ ማጥፋት እንደማይቻል አምኖ ጣሪያ አበጀለት ማለት ነው።

እንግዲህ ሌላ ሥራ የማይጠራትና ለዚሁ ብቻ የሠለጠነች ረዳት ጋሪውን ብትይዝ፣ ነርሷም ነፃ ወጥታ ቁስሉን ብታይ፣ ከሐኪሙ ጋር ብትነጋገር ምን ይጎዳል? ረዳቶቹ ደግሞ ተጧሪዎቹን ቀርበው ያውቋቸዋል። ክኒኑን ከምላሷ ሥር ደብቃ ኋላ የምትተፋዋን፣ ከገንፎ ጋር ካልሆነ የማይውጠውን፣ በግራ ጆሮው ብቻ የሚሰማውን ለይታ የምታውቅ ቀን ከሌት የምታነሣውና የምታስተኛው ናት።

እኛም ኢትዮጵያውያን ይህን ክርክር ከሩቅ ብቻ የምንሰማው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ሴቶች በየገጠሩ ተሠማሩ፤ ከዓመታት በኋላም የሕፃናትን የሳንባ ምች በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ሐኪም በሌለበት መንደር ምርጫው በሐኪምና በሠልጣኝ መካከል አልነበረም፤ በሠልጣኝና በባዶ እጅ መካከል እንጂ። ስለዚህ ዲፕሎማ የሌለው እጅ ሁሉ አደገኛ ነው የሚለው አባባል አያስኬድም። ሆኖም የአሜሪካው ነርሲንግ ሆም ከዚህ ይለያል። እዚያ የነርስ ሙያ አለ፣ ትምህርት ቤቱም አለ። ብዙውን ጊዜ የሚያወዛግበው የደመወዙ ነገር ነው።

አይፈቀድም የሚሉት፣ በተለይም ከነርሶቹ ወገን ያሉት፣ የሚያነሡት ነጥብ ከባድ ነው። መድኃኒት መስጠት ማለት ማየት ነው ይላሉ። ለልብ የሚታዘዘው ዲጎክሲን ከመሰጠቱ በፊት የልብ ምት ይቆጠራል፤ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይቆይና ሐኪም ይጠየቃል። ቀስ እያለ በሰውነት ውስጥ እንዲሟሟ የተሠራ ክኒን ለመዋጥ ያስቸግራል ተብሎ ቢፈጭ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቅና ሰውየውን ሊጎዳው ይችላል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ ከብዙ ውኃ ጋር ተውጦ፣ ታካሚው ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ መቆየት አለበት፤ አለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል።

ይህ ሁሉ ግን ሊማሩት የሚቻል ነው። ምት መቁጠርን፣ የማይፈጨውን ለይቶ ማወቅን አንዲት አስተዋይ ሴት በ140 ሰዓት ቀርቶ ከዚያ ባነሰም ትማረዋለች። የማይማሩት በዝርዝር ያልተጻፈውን ነው። ትናንት በስሟ የጠራቻት አሮጊት ዛሬ ስሟ ቢጠፋባት፣ የሰውየው እግር ከወትሮው አብጦ ቢታይ፣ ይህ ከመድኃኒቱ ይሁን ከበሽታው ለመጠርጠር የዓመታት ልምድና ትምህርት ይጠይቃል። በዚህ ነርሶቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን አራት ደቂቃ ብቻ ያላት፣ ዐይኗ በጋሪውና በሰዓቱ መካከል የሚዋልል ነርስስ ታያለች ወይ? ክርክሩ በወረቀት ላይ ላለችው ነርስ የሚሟገት ይመስላል።

እዚህ ላይ የቀደሙት ዑለማዎች የያዙት ሚዛን ይጠቅመናል። ሕክምና የማያውቅ ሆኖ ሳለ ሌላውን ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩበት ሐዲሥ በአቡ ዳውድና በሌሎችም ተዘግቧል። ኢብኑል ቀይም «ዛዱል መዓድ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ጉዳዩን በአምስት ከፍለው ያዩታል፤ የሙያውን ሐቅ ያደረሰ አዋቂ አለ፣ ሳያውቅ የገባበት አለ፣ አዋቂ ሆኖ እጁ የሳተበት አለ፣ እያሉ። ሁሉንም ስናይ ሚዛናቸው ዕውቀትና ፈቃድ ላይ ያርፋል። የሚያክመው ያውቃል ወይ? ታካሚውስ በማን እጅ እንደሆነ አውቆ ፈቅዷል ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ በነርሲንግ ሆሙ ክርክር ውስጥ እምብዛም አይነሣም። ነርሷም ረዳቷም የሚለብሱት ልብስ ይመሳሰላል፤ ጋሪው ያው ጋሪ ነው። አሮጊቷ ክኒኑን ከእጇ ስትቀበል «ነርስ ናት» ብላ ነው የምትውጠው። ልጆቿም እንደዚያው ያስባሉ። ረዳቷ አልዋሸችም፤ ማንም ግን አልነገራቸውም። በደረት ላይ የሚንጠለጠለው መታወቂያ በትልቅ ፊደል ማንነቷን ቢናገር፣ ቤተሰቡም ሲያስገባ በግልጽ ቢነገረው ምን ያህል ያስወጣል? ምንም።

ከዚህ የሚከብደው የተጠያቂነቱ ነገር ነው። ሐዲሡ የሚናገረው ስላከመው ሰው ነው። በዘመናችን መጦሪያ ያከመው ማን ይባላል? ያዘዘው ሐኪም አልጋው አጠገብ የለም። ነርሷ ሥራውን ለረዳቷ ሰጥታለች። ባለቤቱ ስንት ሰው እንደሚቀጠር ወስኖ ቢሮው ተቀምጧል። መዝገቡ ላይ የሚቀመጠው ፊርማ ግን የረዳቷ ነው። ሥልጣኑና ደመወዙ ከላይ ቀርቶ ጥፋቱ ብቻ ወደታች የሚወርድ ከሆነ፣ ይህ አደራን ማካፈል ሳይሆን አደራን ከራስ ላይ ማውረድ ነው።

ምሳሌ እናንሣ። አንዲት የመርሳት በሽታ ያለባቸው አሮጊት ማታ ማታ ይጮኻሉ እንበል። «ሲያስፈልግ ይሰጣቸው» ተብሎ የተጻፈ የማረጋጊያ መድኃኒት አለ። በዚያ ፎቅ ያለችው ሠራተኛ አንድ ብቻ ናት፤ የሌሎቹም እንቅልፍ ተረብሿል። በስልክ «ስጫቸው» ትባላለች። የ1987ቱ ሕግ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ሰውን በመድኃኒት ማሰርን ከልክሏል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2005 አዳዲሶቹ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አዛውንቶች ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቆ፣ በ2008 ማስጠንቀቂያውን ወደ ቀደሙትም አስፋፍቷል። ረዳቷ ይህን ሁሉ ላታውቅ ትችላለች። ሴትየዋ ግን የሚጮኹት ሽንት ይዟቸው መሆኑን፣ ወይም ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው መሆኑን ጠርጥራለች፤ ምክንያቱም ጠዋት ያለበሰቻቸው እሷ ናት። «አልሰጥም፣ መጀመሪያ መጥታችሁ እዩዋቸው» ማለት ትችላለች? ብትልስ ነገ ሥራዋ ላይ ትገኛለች? የቤት ኪራይ አለባት፣ እዚህ ደግሞ የሚጠብቋት ወላጆች አሉ።

በእኔ እምነት የሙግቱ ሥር ያለው እዚህ ነው። ረዳቷ መድኃኒት እንድትሰጥ መፍቀድ ተገቢ ነው፤ ፈቃዱ ግን ላለመስጠትም ጭምር መሆን አለበት። እጇን የሚያምን ሕግ አንደበቷንም ይመን። «ይህማ ሥርዓት ያፈርሳል፣ ረዳት ነርስን ማዘዝ ጀመረች» የሚል ይኖራል። እኛ የምንለው ግን ነርሷ መጥታ በዐይኗ እስክታይ ድረስ ክኒኑ ይቆይ ነው። ነርሶቹ ራሳቸው መድኃኒት መስጠት ማየት ነው ብለው የለ!

የቴክሳስን ደንብ በዚህ ረገድ ማመስገን ይቻላል። ረዳቷ መርፌ አትወጋም፤ የመድኃኒት መጠን አታሰላም፤ ለተጧሪው ከዚህ በፊት ተሰጥቶት የማያውቀውን አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ የምትሰጠው እሷ አይደለችም፤ «ሲያስፈልግ» የተባለውንም ያለ ነርስ ፈቃድ አትሰጥም። መስመሩ የተሠመረው ፍርድ መስጠት ከሚጀመርበት ላይ ነው። ጉድለቱ፣ የነርሷ ፈቃድ ሳታይ በስልክ የሚሰጥ ከሆነ መስመሩ መደብዘዙ ነው።

በነገራችን ላይ ለእኛ እኅቶች የሚከብድ አንድ ነገር አለ። የካፕሱል ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከጄላቲን የሚሠራ ሲሆን ጄላቲኑ ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ሙስሊም የሆኑ ተጧሪ «ይህ ከምን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እኅታችን በቅንነት ሽፋኑን ከፍታ ውስጡን ከእርጎ ጋር ልትሰጣቸው ይቃጣታል። አንዳንዱ ካፕሱል ግን ሲከፈት አሠራሩ ይበላሻል። ከፋርማሲስቱ ተጠይቆ በክኒን ወይም በሽሮፕ መልክ የሚገኝ ካለ እንዲለወጥ ማድረግ እየተቻለ፣ በራስ መፍትሔ መስጠት ለተጧሪውም ለሷም አይበጅም። እዚህም ላይ የሚያስፈልጋት ቆም ብላ የመጠየቅ መብት ነው።

የቀረው ከረዳቷ ሥራ የተገኘው ጊዜ የት ገባ የሚለው ነው። ነርሷ ከጋሪው ያተረፈችው ሁለት ሰዓት ወደ ተጧሪዎቹ ከተመለሰ አሠራሩ መልካም ነው። በዚህ ምክንያት አንዲት ነርስ ከተቀነሰች ግን አዛውንቶቹ የተሸጡት በርካሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ መንግሥት በየነርሲንግ ሆሙ ለአንድ ተጧሪ በቀን ቢያንስ የ3.48 ሰዓት እንክብካቤ እንዲሰጥ፣ ሙሉ ፈቃድ ያላት ሬጂስተርድ ነርስም ቀንና ሌሊት በቤቱ እንድትገኝ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። በ2025 በቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ከዚያ በፊት የነበረው ድንጋጌ ሬጂስተርድ ነርስ በቀን ለስምንት ተከታታይ ሰዓት ብቻ እንድትገኝ የሚጠይቅ ነው፤ በቀረው ሰዓት ከእሷ ያነሰ ፈቃድ ያላት ነርስ ትበቃለች።

ስለዚህ በዚያ አገር እናቱን ወይም አባቱን መጦሪያ ያስገባ ሰው «እዚህ ረዳቶች መድኃኒት ይሰጣሉ?» ብሎ ብቻ ጠይቆ ባይመለስ ይሻለዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ረዳቷ «ይህን ክኒን አልሰጥም፣ መጥታችሁ እዩ» ብትል፣ ከአልጋው አጠገብ የምትደርሰው ማን ናት? ከዚያው ፎቅ ናት፣ ከሌላ ፎቅ፣ ወይስ በስልክ ብቻ? በስንት ደቂቃስ ትደርሳለች? መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ሲጠየቁ ደግሞ አንዳንዶቹ ቤቶች ቶሎ አይመልሱም።